ከፒጃማ ፓተርን ጉማሬ፣ ከጋውን ፓተርን ንጉሥ፦ ቤት ውስጥ ለሚሰፋ የመድረክ ልብስ ፓተርን አመራረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ላለው ሰው የትምህርት ዓመቱ በልብስ ይቆጠራል። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገና ይመጣል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እረኞችንና ሰብአ ሰገልን ሆነው ይጫወታሉ። የካቲት 23 ዓድዋ ነው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የወላጆች በዓል ይከተላል። በየዋዜማው አንድ ልጅ በሬን ያንኳኳል። "እትዬ፣ ጉማሬ ሁን ተብያለሁ" ይለኛል። "መቼ ነው?" እለዋለሁ። "ከነገ ወዲያ" ይለኛል።

ቤቴ አንዲት የእግር ስፌት መኪና አለች። መብራት ቢሄድም ትሠራለች። መተዳደሪያዬ ስፌት አይደለም። የለመድኩት ለእህቴ ልጆችና ለጎረቤት ልጆች ስሰፋ ነው። ለረጅም ጊዜ የደከምኩት መስፋቱ ላይ ሳይሆን ፓተርን (ልብሱ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅርጽ) ፍለጋው ላይ ነበር። ልጁ ጉማሬ ካለኝ የጉማሬ ፓተርን እፈልጋለሁ። ስልኬ ላይ ስንት ሰዓት አጠፋለሁ። ወይ አላገኝም፤ ወይ ደግሞ ያገኘሁት ለብርድ አገር የታሰበ፣ ወፍራም ጸጉራም ጨርቅ የሚጠይቅ ይሆናል።

ነገሩ የቀለለኝ አንድ ነገር ሲገባኝ ነው። ፓተርን ውስጥ ጉማሬ የለም። ንጉሥም፣ መልአክም፣ አርበኛም የለም። ፓተርን ውስጥ ያለው ትከሻ፣ ብብት፣ እጅጌ፣ ወገብና ቁመት ነው። ጉማሬውን የምንጨምረው እኛ ነን። ስለዚህ ፓተርን ስንመርጥ የምንጠይቀው "ይሄ ምን ይባላል?" ብለን አይደለም። "የትኛው ልብስ ነው በቅርጹ ለምፈልገው የሚቀርበው?" ብለን ነው።

ለጀማሪዎች ያህል፣ ፓተርን ማለት ልብሱ ከመቆረጡ በፊት በወረቀት የሚወጣው ቅርጽ ነው። ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ ለየብቻቸው ይወጣሉ። እዚህ አገር ብዙ ልብስ ሰፊ ወረቀት አይጠቀምም። ልኬት ይወስድና በቀጥታ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል። ዓይኑ ለምዷል። የእኛ ዓይን እስኪለምድ ግን ወረቀት ያስፈልገናል። ወረቀት ቢበላሽ ጉዳት የለውም፤ ጨርቅ ቢበላሽ ገንዘብ ነው።

መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ጥላውን ሳሉ

አንድ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የምትሠሩትን ገጸ ባሕርይ ጥላ ብቻ ሳሉ። ፊት፣ ቁልፍ፣ ጌጥ አትሳሉ። ጥላ ብቻ። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠች አያት መነጽሯን ብትረሳ እንኳ ልጁ ምን እንደሆነ በጥላው ማወቅ አለባት። የማትለይ ከሆነ በኋላ የምትጨምሩት ጌጥ ሁሉ አያድነውም።

እኛ ጣና አጠገብ ስለምንኖር ዕድለኞች ነን። ሞዴሎቻችን ደጃችን ላይ ናቸው። ፔሊካን መሥራት ከፈለጋችሁ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ዓሣ የሚያወጡበት ቦታ ሲጠብቁ ታገኟቸዋላችሁ። ቆመው ሲታዩ ነጭ ናቸው፤ ረጅም ምንቃር አላቸው፤ ከምንቃሩ ሥር ቢጫ ከረጢት ይንጠለጠላል። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ግን የክንፉ ጠርዝ ጥቁር ነው። ይህን ሳላይ የሠራሁት የመጀመሪያው ፔሊካን ሙሉ ነጭ ነበር፤ ሰዎች ዳክዬ ነው አሉ። ሁለተኛው ላይ ከክንፉ ሥር ጥቁር ጨርቅ ሰፋሁ። ልጅቷ እጆቿን ስትዘረጋ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ፔሊካን!" አለ።

ጉማሬም እንዲሁ ነው። ጉማሬን ሐይቅ ውስጥ ስናየው ከውኃ በላይ የሚወጣው ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። ይህ ለልብስ ሰፊ ትልቅ ዜና ነው። ሥራው ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው ማለት ነው። ሰውነቱ ተራ ግራጫ ፒጃማ ቢሆን ማንም አይጠይቃችሁም። ቆቡ ላይ ግን ሁለት ትንንሽ ጆሮ፣ ጎላ ያለ ዓይን፣ ሰፋ ያለ አፍንጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትፈልጉት ፓተርን "የጉማሬ ልብስ" አይደለም። ጥሩ ቆብ ያለው የሹራብ ፓተርን ነው።

ዓሣ ቢታዘዝላችሁ ደግሞ "የቱ ዓሣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቆሮሶ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። ከፊትና ከኋላ በሁለት ሰፋፊ ቁራጭ ልጁን ሳንድዊች አድርጎ ትከሻው ላይ በማሰሪያ መያዝ ይበቃል። አምባዛ ረጅምና ለስላሳ ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ዙሪያ ግን 8 ጢም መሳይ ነገሮች አሉት። አምባዛ ላይ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከለጠፋችሁ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይታዘባችኋል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ልጁ ልክ ነበር።

ፓተርን ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ለልጁ በልኩ የሚሆን ፒጃማ ወይም ቲሸርት አለ? እሱ ፓተርን ነው። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንጥፉት፤ በወረቀት ላይ ዙሪያውን አስምሩ። እጅጌው ከትከሻው የሚገናኝበትን ስፌት በጣታችሁ እየተከተላችሁ በስፒል ውጉት፤ ከሥር ያለው ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ ይወጣል። ነጥቦቹን አገናኙ። ወረቀት ከሌላችሁ ታጥቦ የደረቀ የሲሚንቶ ከረጢት ግሩም ነው። ጠንካራ ነው፤ ደጋግሞ ያገለግላል። ጋዜጣም ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ነጭ ጨርቅ ያበላሻል።

ሁለተኛው ምንጭ ልባሽ ልብስ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ የሰልባጅ ክምር ውስጥ ስትፈልጉ ቀለምና ፋሽን አትዩ። ስፌቱን እዩ። ያረጀ የቤት ጋውን፣ ቆብ ያለው ጃኬት፣ ሰፊ የሌሊት ልብስ በርካሽ ይገኛል። ቤት አምጡና ስፌቱን በምላጭ ፍቱ። ሁሉም ቁራጭ ሲለያይ የፋብሪካ ፓተርን እጃችሁ ገባ ማለት ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ግን በየቁራጩ ላይ በጠመኔ ጻፉ፦ "ፊት ቀኝ"፣ "ጀርባ"፣ "ግራ እጅጌ፣ ላይ"። ይህን ካልጻፋችሁ የትኛው ከየት እንደመጣ ማታ ላይ ይጠፋችኋል።

ሦስተኛው ከኢንተርኔት አውርዶ ማተም ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ነውና። ፓተርኑ በኤ ፎር ወረቀቶች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ እያተማችሁ በፕላስተር ታገጣጥሙታላችሁ። ማተሚያው ግን ወረቀቱ ላይ እንዲገባለት ብሎ በራሱ ሊያሳንሰው ይችላል። እኔ አንዴ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ሳልለካ ቆረጥኩ። የሸሚዙ ደረት ዙሪያ 76 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 71 ሆኖ ተገኘ። ልጁ ጭንቅላቱን አስገባ፤ ትከሻው ላይ ቀረ። ጨርቁ የእናቱ ነበር። በጣም ነው የከፋኝ።

ስለዚህ ስታሳትሙ "100 ፐርሰንት ይሁን፤ አታሳንሰው" በሉ። ከዚያ መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙ። ብዙ ፓተርን ላይ መፈተሻ ካሬ አለ፤ ጎኑ ስንት ሳንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት ውስጡ ተጽፏል። በማስመሪያ ለኩት። ልክ ከሆነ ቀሪውን አሳትሙ። 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ካነሰ ተዉት፤ እንደገና አሳትሙ።

የውጭ አገር ፓተርን ስትጠቀሙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ለስፌት የሚተወው ትርፍ ነው። የአሜሪካ ፓተርኖች ብዙውን ጊዜ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጨምረው ነው የሚስሉት። ቡርዳ በሚባለው የጀርመን የስፌት መጽሔት ውስጥ የሚመጣው ግን ትርፍ የለውም፤ እናንተ ራሳችሁ ጨምራችሁ ነው የምትቆርጡት። ይህን ሳታነቡ ከቆረጣችሁ ልብሱ ይጠባል። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ፓተርን ላይ የተጻፈው ዕድሜ ወይም ቁጥር ሱቅ ከምትገዙት ልብስ ቁጥር ጋር አይገናኝም። "8 ዓመት" የሚለውን እርሱት። የልጁን ደረት ለክታችሁ በደረቱ ምረጡ። ቁመት በቀላሉ ይስተካከላል፤ ትከሻና ደረት ግን ያስቸግራል።

ሌላ መንገድም አለ። ከተማችን በጨርቃ ጨርቅ ያደገች ከተማ ናት። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ከተከፈተ ጀምሮ በብዙ ሰፈር ጨርቅ በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ ጠይቁት። ፓተርን ማውጣት ይማራሉ። በአንድ ቡና ብዙ ነገር ያሳያችኋል።

ቲ ቅርጽ፦ ሁሉም የሚወጣበት ልብስ

አንድ ፓተርን ብቻ ይኑራችሁ ብባል የምመርጠው ፊትና ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ ያለው፣ ሲዘረጋ ቲ ፊደልን የሚመስል ሰፋ ያለ ሸሚዝ ነው። ከሱ የማይወጣ የለም።

ቁመቱን እስከ ቁርጭምጭሚት አውርዱት፤ እጅጌውን አስፉት። መልአክ ሆነ። ከፊት ለፊቱ ሰንጥቁት፤ ጠርዙ ላይ ጥለት ስፉ። ሰብአ ሰገል ሆነ። የቤት ጋውን ፓተርን ካላችሁ ደግሞ ንጉሡ በነጻ መጣ ማለት ነው። የጋውን ፊት ተደራርቦ ይዘጋል፤ ኮሌታው ወርዶ ደረት ላይ ይጋደማል። ያንን ኮሌታ በወርቃማ ጨርቅ ሥሩትና ተመልከቱ። የእጅጌዎቹ ጫፍ ላይ ከወርቃማው ጨርቅ የቀረውን በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት አዙሩበት። ቀበቶውን አውጡት። ያው የቤት ጋውን ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ንጉሥ ነው።

ለዓድዋ ደግሞ እጀ ጠባብ ያስፈልጋል። ስሙ እንደሚለው እጅጌው ጠባብ ነው። የፒጃማ ሸሚዝ ፓተርን ወስዳችሁ እጅጌውን ከክርን ጀምሮ ወደ አንጓ እያጠበባችሁ ውረዱ። ግን እጅ መግባት አለበት። አንጓው ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉና በሁለት ትንንሽ ቁልፍ ዝጉት። ሱሪውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የፒጃማ ሱሪ ከጉልበት በላይ እንዳለ ይሁን፤ ከጉልበት በታች ይጥበብ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ይከፈት። በአንድ የፒጃማ ፓተርን አርበኛውን ከላይ እስከ ታች አለበሳችሁት።

ፓተርኑ ለልጁ ከጠበበ ወይም ካጠረ አትደንግጡ። ለማስረዘም ከታች ጫፍ ላይ ብቻ አትጨምሩ፤ ወገቡ ያለቦታው ይቀራል። ወረቀቱን መሃል ላይ በአግድም ቁረጡ፤ የጎደለውን ያህል አራርቁና በሌላ ወረቀት ለጥፉ። ለማስፋት በጎን በኩል በእያንዳንዱ ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ፊት ሁለት ጎን፣ ጀርባ ሁለት ጎን አለው፤ በጠቅላላ ዙሪያው በ4 ሳንቲ ሜትር ሰፋ ማለት ነው።

ካባ፦ በአንድ ክር የሚሳል

ካባ ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል። ፓተርን መግዛትም ማተምም አያስፈልግም፤ በክርና በጠመኔ ይወጣል። የግማሽ ክብ ካባ እንሥራ።

የልጁን አንገት ዙሪያ ለኩ። 31 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለ3.14 አካፍሉት፤ 10 ገደማ ይመጣል። ይህ ከመሃል እስከ አንገቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ካባው 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ከፈለጋችሁ 10 እና 60 ደምሩ፤ 70። ለመዘምዘሚያ 2 ጨምሩ፤ 72። አሁን ከጨርቁ አንድ ጠርዝ መሃል ላይ ክሩን በጣታችሁ ያዙ። ሌላው ጫፍ ላይ ጠመኔ እሰሩ። በ10 አንዴ፣ በ72 አንዴ ግማሽ ክብ አዙሩ። በቃ፣ ካባው ተሳለ። ጨርቁ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትገዙ ይበቃችኋል። ይህን ሒሳብ ይዛችሁ ሱቅ ግቡ፤ "2 ሜትር ይሁንልሽ" ሲሏችሁ መልስ አላችሁ።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙን በወርቃማ ክር ዘምዝሙት፤ የመኳንንት ካባ ነው። በጥቁር ወፍራም ጨርቅ ሠርታችሁ ቀኝ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ቁራጭ ብታቆሙለት በርኖስ መሰለ። ታችኛውን ጠርዝ 6 ወይም 7 ቦታ ሰንጥቃችሁ ጫፎቹን አድቦልቡሏቸው፤ የጀግና ለምድ ሆነ። ነጩን ካባ በሁለት እጅ አንጓ ላይ በላስቲክ ያዙት፤ ቅድም ያልኩት የፔሊካን ክንፍ እሱ ነው።

ጀግናው ራሱ ላይ ለሚያደርገው ጎፈር ደግሞ ቃጫ ፈልጉ። ቃጫውን ቡና በፈላበት ውኃ ወይም በወፍራም ሻይ ነክራችሁ አድርቁት፤ የአንበሳ ጎፈር ቀለም ያወጣል። ከዚያ የልጁን ጭንቅላት ዙሪያ ለክታችሁ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ በዚያ ልክ በቆረጣችሁት የጨርቅ ቀበቶ ላይ ደራርባችሁ ስፉት። ጋሻውን ካርቶን ይችለዋል።

የካባ ቅርጽ ሐሳብ ሲያልቅብኝ ወደ ዘጌ እሻገራለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ስታዩ ልብሱን ልብ በሉ። ካባው የት እንደሚታሰር፣ ከትከሻ እንዴት እንደሚወርድ፣ ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ትንሽ ደብተር ይዛችሁ በእርሳስ ገልብጡ። ቤት ስትመለሱ ደብተሩ ላይ ያለው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቲ ቅርጽ፣ ወይ ግማሽ ክብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እስክስታውን የሚችል ብብት

እዚህ አገር የመድረክ ልብስ ዝም ብሎ አይቆምም። ልጁ መልአክም ይሁን ዓሣ፣ መጨረሻ ላይ ከበሮ ይመታና ሁሉም ይጨፍራል። ስለዚህ ፓተርን ስመርጥ ከሁሉ በፊት የማየው ብብቱን ነው።

ብዙ ሰው "ልጁ እንዲመቸው" ብሎ ብብቱ በጣም ዝቅ ያለ ሰፊ ፓተርን ይመርጣል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብብቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እጅ ሲነሣ ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል። ሆድ ይታያል፤ ትከሻ ይታሰራል። ብብቱ ለሰውነት ቀረብ ያለ፣ ደረቱ ላይ ግን ከልጁ ልክ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ፓተርን ምረጡ። የያዛችሁት ፓተርን ብብቱ ዝቅ ያለ ከሆነ እንኳ መፍትሔ አለ። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ጨርቅ ቁረጡ። ብብቱ ሥር አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ጥጉን ወደ እጅጌ፣ አንድ ጥጉን ወደ ጎን አድርጋችሁ አስገቡት። እጅ ወደታች ሲሆን አይታይም፤ እጅ ሲነሣ ይከፈታል።

ለትንንሾቹ፣ ከ6 ዓመት በታች ላሉት፣ ላይና ታቹ የተያያዘ ቱታ አትምረጡ። ሽንት ቤት መሄድ አለ። ሸሚዝና ሱሪ ለየብቻ ሠርታችሁ ወገቡን በረጅም ሸሚዝ ሸፍኑት፤ ከሩቅ አንድ ይመስላል።

ጨርቁ ፓተርኑን ይመርጣል

ጥለት ያለው ጨርቅ ካላችሁ አስተውሉ። ጥለት ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈልጋል። ክብ ቀሚስ ታችኛው ጠርዝ ጎባጣ ስለሆነ ጥለቱ እዚያ ላይ አይተኛም፤ ይሸበሸባል። እናትየው የአያቷን ነጠላ ይዛ "ከዚህ ቀሚስ አውጪላት" ካለቻችሁ ክብ ቀሚስ አትጀምሩ። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ቁረጡ፤ ወርዱ የወገቡን ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ሁለት ተኩልም ይሆናል። ከላይ ሸንሽኑና ወገቡ ላይ ሰብስቡት። ጥለቱ ታች ላይ እንዳለ ይቀራል። ክብ ቀሚስ ለሳቲን ወይም ለስስ ጨርቅ ተዉት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የወገቡን ዙሪያ ለ6.28 አካፍሉ። ወገቧ 60 ከሆነ ከመሃሉ 9.5 ሳንቲ ሜትር ይዛችሁ ታዞራላችሁ።

ሙቀቱንም አስቡ። የካቲት ቀትር ላይ ሜዳ ላይ ቆሞ ንግግር የሚሰማ ልጅ በፖሊስተር ከተጠቀለለ ይታመማል። ጥጥ ይሁን። ወፍራም ሆድ ያለው ጉማሬ ካስፈለጋችሁ ልብሱን በሙሉ አታወፍሩ፤ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ሠርታችሁ ከውስጥ ሆዱ ላይ ብቻ ስፖንጅ አስገቡ። ለሰኔ የምትሰፉት ከሆነ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል፤ ዝናብ ጀምሯል፤ ጭቃ ነጭ ጨርቅ አይምርም።

ጥጥና አቡጀዴ ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ። ይሰበሰባሉ። ዛሬ ልክ የሆነ ልብስ ለሚመጣው ዓመት ወንድሙ ሲወርስ እንዳያጥር።

አንድ ደረጃ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው። የመጀመሪያውን ቁርጥ በርካሽ አቡጀዴ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሥሩት። በእጅ ላላ አድርጋችሁ ስፉና አልብሱት። ከዚያ እዘዙት፦ እጅህን አንሣ፤ ቁጭ በል፤ ተነሥ፤ እስክስታ ውረድ። የሚጎትትበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የሚሰፋውን አስፉ፤ የሚጠበውን አጥብቡ፤ ለውጡን ወረቀቱ ላይ መልሱት። ይህ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ደህናው ጨርቅ ላይ ግን መቀሱ ሳይፈራ ይሄዳል።

አንድ ፓተርን፣ 12 ልጅ

አንድ ጊዜ ስለ ጣና የሚያወራ የልጆች ድራማ ልብስ ሥሪ ተባልኩ። ዓሣ አጥማጅ፣ ፔሊካን፣ ጉማሬና ዓሣ ነበሩበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ 12 ልጆች እምቦጭ፣ ሐይቁን የሚወረው አረም፣ መሆን ነበረባቸው። ጊዜው አንድ ሳምንት ነው።

እምቦጭን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉ ክብና አብረቅራቂ ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ያምራል፤ ያ ነው ክፋቱ። አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ውኃውን ይሸፍናል። "መያያዝ" የሚለው ቃል ነው ፓተርኑን የመረጠልኝ። ለየልጁ ለየብቻ የአበባ ልብስ ከመስፋት ይልቅ 12 ተመሳሳይ አረንጓዴ የግማሽ ክብ ካባ ቆረጥኩ። ወረቀቱ አንድ ነው። በየካባው ግራ ጠርዝ ላይ 3 ቁልፍ፣ በቀኝ ጠርዝ ላይ 3 የቁልፍ ቀዳዳ አደረግኩ። ቆባቸው ላይ ወይን ጠጅ አበባ፣ አበባው ላይ ቢጫ ነጥብ።

መድረኩ ላይ ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ። መጀመሪያ አንዱ ብቻውን ዞረ፤ ሰው "ደስ ሲል" አለ። ከዚያ ሁለተኛው መጣና ተቆለፉ። ሦስተኛው መጣ፤ አራተኛው መጣ። በመጨረሻ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ሆኑ። ዓሣዋና ታንኳው ከኋላ ጠፉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመጡ ደግሞ ቁልፉን አንድ በአንድ እየፈቱ ነቀሏቸው።

ለታንኳዋ የተጠቀምኩት ማንጠልጠያ ያለው የሕፃን ቀሚስ ፓተርን ነው። ቀሚሱን ትቼ ማንጠልጠያውን ብቻ ወሰድኩ። ከካርቶን የሠራናትን ታንኳ በደንገል ቀለም ቀብተን በልጁ ወገብ ዙሪያ አንጠለጠልናት።

ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት

ለኅዳር 29 የሌላ ብሔረሰብ ልብስ ስትሠሩ ምናባችሁን ያዝ አድርጉት። ጉማሬ ላይ እንደፈለጋችሁ ፍጠሩ። የሰው ልብስ ላይ ግን ቀለሙም፣ ጥለቱ የሚውልበት ቦታም፣ መቀነቱ የሚታሰርበት ጎንም ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አይጠፋም። ፎቶ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። እኔ ጠይቄ የተቆጣኝ ሰው የለም፤ ይልቁንም ደስ ብሏቸው ከቤታቸው አውጥተው ያሳዩኛል። የቤተ ክርስቲያን ልብሰ ተክህኖ የሚመስል ነገር ከተፈለገም መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊዎች አማክሩ።

ወረቀቱን አትጣሉት

በዓሉ ሲያልፍ ልብሱ ይታጠባል፤ ወረቀቱ ግን ይረሳል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ይህን ጻፉ፦ የልጁ ደረት፣ ወገብና ቁመት፤ የስፌት ትርፉ ተጨምሮበታል ወይስ አልተጨመረበትም፤ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደፈጀ፤ ምን ምን እንደሆነ። የእኔ የፒጃማ ወረቀት ላይ "ጉማሬ፣ አርበኛ፣ እረኛ፣ ጉማሬ እንደገና" ተብሎ ተጽፏል። አናቱን በስታችሁ በክር እሰሩና ምስማር ላይ ስቀሉት። አታጣጥፉት፤ እጥፋቱ ልኩን ያዛባል። ጎረቤት ሊዋስ ከመጣ ዋናውን አትስጡ። አጠገባችሁ አስቀምጡትና በሲሚንቶ ወረቀት ገልብጦ ይውሰድ።